እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ የመሰከርኩት

ለወንድሜ ለሳቱርኒኖ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚነሣብህ የወገብ ሕመም ተሻለህ? የማዕድኑ አቧራ ደረትህን አላስጨነቀህም? እህል ይስማማሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅኩህ ለሰላምታ ያህል አይደለም፤ መልሱን ስለምፈልገው ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደኅና ናቸው። ልጄ ኖርማ ስምንት ዓመት ሞላት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት ትመስላለች። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ግን እልኸኛ ናት።

ሳልጽፍልህ ብዙ ቆየሁ። ብዕር አነሣና ውስጤ ይቃጠላል፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ከጸሎት ቤት እንደተመለስን እናታችን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ሲቀመጡ፣ አሁን ካልጻፍኩ መቼም አልጽፍም ብዬ ተነሣሁ። ከዚህ በታች ያለው መራራ ነውና ሰው በሌለበት ተቀምጠህ አንብበው።

ድንች በምንነቅልበት ሰሞን የላክኸው ደብዳቤ ትዝ ይልሃል? «እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ» ብለህ ነበር። ሌላው ሰው ወር ሙሉ ተሰልፎ የማያገኘውን ሥራ በደረስክ በሦስተኛው ቀን አገኘሁ ብለህ ጻፍክልን። እናታችን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። እሁድ ጸሎት ቤት ወስደነው በጉባኤ ፊት ተነበበ፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ጓዳ ውስጥ ከምናረባቸው ጥንቸል መሰል ኩዪዎች ስድስቱን አርደን፣ ከድንች ጋር ጠብሰን ጎረቤቱን ጠራን። አበልጃችን ዜኖቢዮ ከፊት ተቀምጦ ከሁሉ አስበልጦ በላ። የኖርማን የመጀመሪያ ፀጉር በመቀስ ቆርጦ አበልጃችን የሆነው ዜኖቢዮ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ዜኖቢዮ፣ ስትሄድ «ቤቴን አደራ» ብለህ እጁን የጨበጥከው ዜኖቢዮ።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ዘገየ። አባታችን ካረፉ ጀምሮ የውኃው ተራ በስምህ የተጻፈ ቢሆንም አካፋውን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ሳምንት እየዘለለ እሁድ የእኛ ቀን ነው። እንደ ድሮው ማለዳ ወደ ቦዩ እወጣለሁ፣ መዝጊያውን ድንጋይ አነሣለሁ፣ ውኃውን ወደ እርከናችን እመልስና ወደ አምልኮ እሄዳለሁ። እሁድ ጠዋት ቦይ የሚጠብቅ ሰው የለም። እግሩ ጸሎት ቤት ሆኖ ልቡ ቦይ ላይ ከሆነ ምኑን አመለከ እየተባልን ነው ያደግነው።

በመጀመሪያው እሁድ ስመለስ የታችኛው እርከን ደረቅ ነበር። ምንጩ ደክሞ ነው አልኩ። በሁለተኛው መካከለኛውም ተጠማ። በሦስተኛው ገና ጉልበቴ ላይ የደረሰው በቆሎ ቅጠሉ ተጠቀለለ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? በእግዚአብሔር ላይ ተነሣሁ። አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ይከስሰዋል። «ለወንድሜ በአንድ እጅህ ሰጠህ፣ ከእኛ ደግሞ በሌላው ወሰድክ» አልኩት። ሦስት ረቡዕ ጾምኩ። በጉባኤ ፊት ቆሜ «ጌታ ቤታችንን እየፈተነ ነውና ጸልዩልን» ብዬ አለቀስኩ። ዜኖቢዮ ተነሥቶ መጣና እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ጸለየልኝ። ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

በአራተኛው እሁድ በመዝሙሩ መካከል ኖርማን ሳል ስለያዛት ይዣት ወጣሁ። በቦዩ ዳር ወደ ቤት ስናልፍ ዜኖቢዮን አገኘሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የእኛን መዝጊያ ዘግቶ፣ ውኃውን ወደ ራሱ የከብት መኖ እርሻ ይመልሳል። «አበልጄ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። «ሆዴን አሞኝ ከአምልኮ ቀረሁ፤ እስቲ ንፋስ ልቀበል ብዬ ነው» አለኝ።

«ሆድህን በአካፋ ነው እንዴ የምታክመው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልጅቷን ታስደነግጫታለሽ።»

«የማንን ውኃ እንደምትሰርቅ ታውቃለህ?»

አካፋውን መሬት ላይ ተከለና «እኔ የሰረቅኩት የለም። ወንድምሽን ጠይቂው» አለኝ። እኔ ሞኟ ስምህን ለመሸፈኛ የጠራው መሰለኝ። «እዚህ የሌለን ሰው ስም አታንሣ!» ብዬ አንድ እፍኝ ጭቃ ወረወርኩበትና የእሁድ ሸሚዙን አበላሸሁት። ለዚህ ገና ንስሐ አልገባሁም።

በማግስቱ ለውኃ አባታችን ለዶን ሜልቾር ከሰስኩ፤ ሐሙስ የቦዩ አፍ ላይ እንድንሰበሰብ ቀጠረን። እስከዚያ ዜኖቢዮ ያንተ ወረቀት በእጄ አለ ማለቱ መንደሩን ሞላው። ረቡዕ ጎረቤታችን ዶሮቴያ ልብስ ስናጥብ አጠገቤ ተቀመጠች። ምላሷን ታውቀዋለህ። «ወረቀት አለ ብሎ ነው የሚያስፈራራሽ? የሳቱርኒኖን ጽሕፈት እዚህ መንደር ከአንቺ በቀር ማን ያውቃል? የእሱ አይደለም በይ፣ አለቀ! አንቺ ዋሽተሽ ስለማታውቂ ዜኖቢዮ ራሱ ፍየል ነው ብትያቸው ገመድ ይዘው ይመጣሉ» አለችኝ። ሳልወድ አሳቀችኝ። «ዋሽቼ ስለማላውቅ ልዋሽ?» ብላት፣ «አንድ ጊዜ ብቻ። እግዚአብሔር ራሱ ነው በእጅሽ የጣለልሽ። እሱ የሰጠሽን ሌባ ብትለቂ እሱም ያዝንብሻል» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ነገሩ ጣመኝ። ክፉ ሐሳብ የእግዚአብሔርን ስም ለብሶ ሲመጣ እንዴት እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ «አይደለም» የምትለውን ቃል በአፌ ሳመላልሳት አደርኩ።

የቦዩን ሥርዓት አልረሳኸውም መቼም። ተራውን ለሌላ የሰጠ ሰው ወረቀት የሚጸድቀው፣ ከቤቱ አንድ ሰው ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ውኃ ውስጥ ነክሮ «የእሱ ነው» ሲል ነው። «አይደለም» ካለ ወረቀቱን ያመጣው ሰው ከቦዩ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ደግሞ እርሻ አለው አይባልም። ዶን ሜልቾር ወረቀቱን ሰጠኝና «አንብቢ፣ ፌሊሲታስ። ከዚያ እጅሽን አግቢ» አለኝ።

ገና ስዘረጋው አወቅኩት። የስምህን የመጀመሪያ ፊደል ጅራቷን ወደ ኋላ ጎትተህ ስሙን ሁሉ ታሰምርበታለህ። እኔንም በከሰል ግድግዳ ላይ ስታስተምረኝ እንደዚያው አስለምደኸኛል፤ ይህን የምጽፍልህም አንተው ባስለመድከኝ እጅ ነው። የዜኖቢዮ ሚስት ወንድም እዚያ ማዕድን አለቃ ስለሆነ ሥራ እንዲያስገባህ፣ አንተም በለውጡ ለሦስት ዓመት የውኃ ተራችንን ለዜኖቢዮ እንደሰጠህ ይላል። ይህንንስ ቻልኩት። ቸግሮት ነው፣ በሰው አገር ጨንቆት ነው አልኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አነበብኩ። «እናቴና እህቴ እሁድ እስከ ቀትር ከጸሎት ቤት አይወጡም። በዚያ ሰዓት ብትመልሰው አያውቁም፤ ምንጩ የደከመ ይመስላቸዋል።»

ሳቱርኒኖ! እንዴት እጅህ ታዘዘልህ? ውኃውን ብትሰጥ ውኃ ነው። አንተ ግን የጸሎታችንን ሰዓት ነው ለሌባ የሰጠኸው። እናታችን በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበርክከው «ልጄን በሰው አገር ጠብቅልኝ» የሚሉበትን ሰዓት። ከጠላት ቢሆን ተዘጋጅቼ እጠብቀው ነበር፤ ካንተ ግን አልጠበቅኩም። አምኜ ጀርባዬን የሰጠሁት ላንተ ነበር።

እጄን ነከርኩ። ከተራራው በረዶ ሥር የሚወርደው ውኃ አጥንት ይሰብራል። «አይደለም» የምትለዋ ቃል ከንፈሬ ላይ ተቀምጣለች። ብትወጣ በቆሎዬ ይተርፋል፣ ዜኖቢዮ ይዋረዳል፣ ያንተም ስም በመንደሩ ንጹሕ ይሆናል። ዶሮቴያ ከኋላ ሆና በሳል ትጎተጉተኛለች። እኔ ግን ዓይኔ ውኃው ላይ ነበር። በአባታችን ዘመን የደረሰበት የድንጋይ ምልክት ላይ ያው ደርሷል። አንዲት ጣት አልጎደለም። ሁለት ወር ሙሉ «ምን አደረግንህ? ለምን ነሣኸን?» እያልኩ የጮኽኩበት ጌታ በየእሁዱ ሳይቀንስ ሲልክልን ነበር ማለት ነው። መንገድ ላይ የጠለፈው ሰው ነው። አፈርኩ፣ ወንድሜ። በጉባኤ ፊት ቆሜ በእግዚአብሔር ላይ በሐሰት መስክሬ ነበር። አሁን ደግሞ «እሱ ነው በእጄ የጣለልኝ» ብዬ ውሸቴን በስሙ ልሸፍነው?

«የወንድሜ ነው» አልኩ።

ዶን ሜልቾር ባርኔጣውን አወለቀ። «ወረቀቱ ጸንቷል። ተራው ለሦስት ዓመት የዜኖቢዮ ነው። ደብቆ ስለወሰደ ግን ዘንድሮ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ብቻውን ይጠርጋል» ብሎ ፈረደ። ሰው ሲበተን ዜኖቢዮ ተጠግቶ «አበልጄ፣ መቼም አልተቀየምሽኝም?» አለኝ። «ተቀይሜሃለሁ እንጂ! የኖርማ ፀጉር የሚመለስ ቢሆን ዛሬውኑ አስመልስህ ነበር» አልኩት። ዶሮቴያ ቤት እስክንደርስ ስትሰድበኝ ሄደች። «ሂጂ ጻድቅ ሁኚ! ጽድቅሽን ቀቅለሽ ለልጅሽ አብያት!» አለችኝ። ማክሰኞ ተራዋ ሲደርስ ግን የውኃዋን እኩሌታ ወደ መካከለኛው እርከናችን ለቀቀችው። ላመሰግናት ብወጣ «ላንቺ አይደለም፤ ለልጅቷ ነው» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። የታችኛው እርከን ሞቷል። ከላይኛውም የምናገኘው ለዘር ቢሆን ነው።

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ» ያልከው ነው። ርቦህ ከሆነ ራበኝ በል። ፈርተህም ከሆነ ፈራሁ በል። ብትጠይቀኝ እኮ አንዱን እርከን በፈቃዴ ትቼልህ፣ አልቅሼም ቢሆን መርቄ እሰጥህ ነበር! ያንን ትተህ የሰረቅከውን እንደ ስጦታ አሳየኸን፣ እኛም ኩዪ አርደን ዘመርንበት። እግዚአብሔር መልካም ነው። በቆሎዬ ለምልሞ በነበረ ጊዜ መልካም ነበር፤ ደርቆ ሲንኮሻኮሽም ያው መልካም ነው። ይህን የምልህ ደልቶኝ እንዳይመስልህ። በብስጭትና በእንባ ነው የምጽፈው። ዘንድሮ ግን የእሱን ሥራና የሰውን ሥራ ለይቼ አወቅኩ፤ ከእንግዲህ ያንተን ዕዳ በእሱ አላላክክም።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ገና አልደረስኩበትም። እየጸለይኩበት ነው፤ አንዳንድ ቀን ጸሎቱ ከጥርስ ማፋጨት ጋር ነው።

ኖርማ ሰላም ብላሃለች፤ ጥጃዋን በስምህ ልትጠራት ነበር፣ ሴት ናት ብዬ አስተውኳት። ዶን ሜልቾር «ጤና ይስጠው» ብሎሃል፤ ሌላ አልጨመረም። ዶሮቴያም ሰላምታ አላት፣ እኩሌታው ስድብ ስለሆነ ለወረቀት አይሆንም። ዜኖቢዮ ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

እናታችን ነገሩን የሰሙት ትናንት ነው። ከጉባኤው ሰው የነገራቸው አልነበረም። «ውኃችን ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። የያዙትን ሹራብ መርፌ ሳያቆሙ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ዛሬ «ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» ስላቸው እንዲህ አሉኝ፤ እንዳሉት ጻፍኩት። «እዚያ ብርዱ ክፉ ነው ይላሉ፤ ይህን ሹራብ ስጨርስ በሚመጣ ሰው እልክለታለሁ። ልጄ ነው፤ ዛሬም ልጄ ነው። ግን ሥራውን ማን ሰጠህ ያሉት እንደሆነ እግዚአብሔር ነው አይበል። እናቴ ናት፣ ሳታውቅ፣ ይበል።»

እህትህ ፌሊሲታስ
ዋይራፓታ መንደር፣ ፔሩ
እሁድ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1996