የሐምሌው ገና እና የአባትሽ ክብሪት

ኦበረን፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ አውስትራሊያ
እሑድ፣ ሐምሌ 20

ለምወድሽ ልጄ ለቴሳ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? ግላስጎ በጋው ገብቶላችሁ ካፖርትሽን አወለቅሽ ወይስ ዝናቡ አሁንም አልለቅ ብሏል? የእኛ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ ጠዋት የዶሮዎቹ ውሃ በረዶ ሠርቶ በመጥረቢያ ጀርባ ነው የሰበርኩት። አባትሽ ደህና ነው፣ ያው ያስላል። እኔም ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ካልቆጠርሽው።

ትናንት የሐምሌውን ገና አከበርን። በስልክ ስትጠይቂኝ አባትሽ አጠገቤ ተገትሮ ስለነበር "ጥሩ ነበር" ብዬ ዘጋሁት። አሁን ጓሮ ወጥቶ ከውሻው ጋር ይጨቃጨቃል፤ ስለዚህ ሁሉንም ልንገርሽ።

ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ። ሳንባው ጢስ ጠግቧል፣ ሌላ የእሳት በጋ አይችልም። የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋዎቹ ደግሞ የዓመቱን አለቃ የሚመርጡት በዚህ ወር መጨረሻ ነው። "እማዬ፣ አንቺ ንገሪው" አልሽኝ፤ አለቅነቱን እንዲተው ነገርኩት። "ከኔ ሌላ ማን አለ?" ብሎ አኮረፈ፣ ከውሻው በቀር የሚያናግረው ጠፋ። እኔ ደግሞ ፈራሁ ልጄ። በጣም ፈራሁ፣ ለሱ ግን አላሳየሁትም።

ታዲያ ምን ዘየድኩ መሰለሽ? በገናው ማዕድ ላይ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ አጎትሽ ሌስ ነገሩን በዘዴ እንዲያነሳው ለመንኩት። በዘዴ አልኩት፣ ለሌስ። አእምሮዬ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

መቼም ታኅሣሥ ላይ ተሰብስበን እንደማናውቅ አንቺው ምስክር ነሽ። በሙቀቱ ጫካው ሲነድ ግማሹ ሰው የእሳት አደጋ መኪናው ላይ ነው፣ ግማሹ ስልክ ላይ፣ የኔ ጥብስ ምድጃ ውስጥ ሲደርቅ ይውላል። ሐምሌ ላይ ግን ሣሩ ሁሉ እርጥብ ስለሆነ ማንም ለእሳት አይጠራም፣ ሁሉም ዘና ብሎ ይመጣል። ሌስ በቁምጣና በነጠላ ጫማ፣ በረዶ የሞላ የቢራ ሳጥን ተሸክሞ ከተፍ አለ።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ውጭው ራሱ በረዶ እኮ ነው" አልኩት።

"ገና ነው አላልሽኝም እንዴ? ገና ማለት ቁምጣ ነው" ብሎኝ እርፍ። ከዚያማ እግሩ ሰማያዊ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ምድጃው ላይ ተለጥፎ ዋለ።

ከምሳ በፊት አባትሽ እንደወትሮው የገና አባትን ቀይ ልብስ ለብሶ፣ ከእሳት አደጋ መኪናው ላይ ለመንደሩ ልጆች ከረሜላ ሊበትን ወጣ። በታኅሣሥ ሙቀት ያ ልብስ ይገድለው ነበር፤ ትናንት ግን ሞቆት፣ ደስ ብሎት፣ ጢሙን እያስተካከለ ነበር። መኪናው አናት ላይ ለመውጣት መሰላሉን ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። ትንፋሽ አጠረው። ሁላችንም አየን። ምክትሉ ትሩዲ፣ ያቺ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር፣ ቀረብ ብላ "የገና አባት ዘንድሮ ኬክ በዝቶበታል። ና፣ ከኔ ጋር ጋቢና ተቀመጥ" ብላ ክንዱን ያዘችው። ተቀመጠላት። ከረሜላውን በመስኮት በተነ።

ምሳው ላይ ጥብሱ አምሮልኝ ነበር፤ የአሳማው ቆዳ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ሁሉም የገና የወረቀት ዘውዱን ደፍቶ፣ ተራ በተራ እየተተራረበ ሳለ ሌስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቨርን፣ ሳንባህ እንዴት ነው?" አለው፣ ጆሮ የሌለው እንኳ በሚሰማው ድምፅ።

ይኼ ነው ዘዴው። ሹካ ሁሉ ቆመ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

"ደህና ነው" አለ አባትሽ። "ያንተስ ጉበት?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ወሬውም በዚያው ሞተ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። በቃ፣ መስከረም ሲጠባ እሳቱ ይጀምራል፣ እሱም የእሳት አደጋ ቆቡን አድርጎ ይወጣል፣ እኔም በር በሩን ሳይ እኖራለሁ ብዬ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

ከዚያ የገናው ኬክ፣ ፑዲንጉ መጣ። የቡድኑን ደንብ ታውቂያለሽ፤ የሞቀ ኮኛክ ፈሶበት መብራት ይጠፋል፣ አለቃው ራሱ ክብሪት ይለኩስበታል፣ አዲስ የገባው አባል ለቀልድ ባልዲ ይዞ አጠገቡ ይቆማል። ዘንድሮ ባልዲው የደረሰው ለዳቦ ጋጋሪው ለኮሊን ነው። አባትሽ ተነሣ። ክብሪቱን ከኪሱ አወጣ፣ አገላበጠው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አሻግሮ ለትሩዲ ሰጣት።

"እጄን ቅባት ነክቶታል። አንቺ ለኩሺው" አላት።

ልጄ፣ እጁ ንጹሕ ነበር። የታጠበበትን ፎጣ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ትሩዲ ክብሪቱን ይዛ አየችው። "አለቃ፣ እርግጠኛ ነህ?"

"ኮኛኩ ሳይበርድ ለኩሺው እንጂ፣ አለቃ" አላት።

አለቃ ብሎ ጠራት። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ በመጋረጃው አፍንጫዬን ጠረግሁ። ስመለስ ጩኸት ነው፤ ትሩዲ ኮኛክ አብዝታ ጨምራበት ኖሮ ነበልባሉ ሽቅብ ተነሥቶ የሌስን የወረቀት ዘውድ ያዘ። ኮሊን ደግሞ ባልዲው ለቀልድ መሆኑን ማን ነግሮት? ሙሉውን ውሃ ደፋው። ፑዲንጉም ሌስም አንድ ላይ በሰበሱ። ክፍሉ ሙሉ እሳት አጥፊ ተቀምጦ አንድ ኬክ አጥፍተው እርስ በርሳቸው አጨበጨቡ። ረጥቦም ቢሆን አንድ ፍርፋሪ አልቀረም፤ ሌስንም የአባትሽን ሱሪ አልብሰን ሸኘነው።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ዕቃ ስናጥብ አባትሽ ማድረቂያ ጨርቁን ይዞ ቆመና፣ "ታኅሣሥ ላይ ታዲያ ምን ልሠራ ነው?" አለኝ።

"ሰው እንደሚያደርገው ቁጭ ብለህ ትበላለህ" አልኩት።

ሳቀ፣ አሳለው፣ ሳሉ ቶሎ አልለቀቀውም። ሲበርድለት "ቴሳን ለመጪው ሐምሌ ነይ በያት። እኛ ቤት ገና ሐምሌ ነው" አለ። እሺ አልኩት።

አንቺን ግን እንዲህ እልሻለሁ፤ ሐምሌን አትጠብቂ። በታኅሣሥ ነይልኝ። ሙቀቱም ዝንቡም ይኑር፣ ግድ የለም። አባትሽን ከነ ሹካው ጠረጴዛው ላይ ታገኚዋለሽ።

በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

የምትሳሳልሽ እናትሽ
ኖላ