ጥጃው ከጠጣ በኋላ

ከአባይ ማዶ ለምትኖረው፣ ከዓይኔ ርቀህ ከሆዴ ላልወጣኸው ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ፈንታው ቢተው፤ እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰንብተሃል? ክረምት ሲገባ የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህ ዘንድሮስ ተወህ ወይስ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ተባብሮ ባሰብህ? የጀልባው ሥራ እንዴት ይዞሃል? እህልስ እንደ ልብ ታገኛለህ? እኔ እህትህ የዓለምዘርፍ በአካሌ ደህና ነኝ። እማማ ዓይናቸው እየደከመ ቢሄድም በእግራቸው ቆመው ይሄዳሉ። አባባም በሕይወት አሉ። ይህን ያስቀደምሁት ወደ ታች ስታነብ ልብህ ወደ እሳቸው እንዳይሮጥ ብዬ ነው።

ደብዳቤው በአንተ ስም አልመጣም፤ በአገራችን ሰው በአቶ አራጌ ስም ነው የላክሁት፣ አጠገብህ ተቀምጠው እንዲሰጡህ። ምክንያቱ ገብቶህ ይሆናል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር እኔም አላጣሁትም። ወጉማ ዘመድ ተጠራርቶ፣ በማለዳ በርህን አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞህ እንዲያረዳህ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ወደ አንተ እየመጣ ነው። እሱ ቀድሞኝ ነገሩን አጣሞ ከሚነግርህ ወጉን ጥሼ እኔው ልንገረው ብዬ ጨከንሁ። ጋሼ፣ ሐረግ የለችም። ሚስትህን አባይ ወስዷታል። አሻጋሪው ጓደኛህ ጀብሪልም አብሯት ሄዷል፤ ሌሎች መንገደኞችም አሉበት።

አልቅስ። አቶ አራጌ ይያዙህ። ሲወጣልህ ተመልሰህ አንብብ፤ ከዚህ በታች ያለው የአባባ ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው በአንተ እጅ ነው።

የሚመጣው ሰው ምናለ ነው። ታውቀዋለህ፤ በስልሳ አምስቱ ረሃብ ነጭ ለባሽ ሆኖ ማሻገሪያው ላይ ጠመንጃ ታቅፎ ይቆም የነበረው። ዛሬም እዚያው ቆሟል። ያን ጊዜ የጃንሆይ ነበር፣ ዛሬ የአብዮቱ ነኝ ይላል፤ ልብሱን ለወጠ እንጂ የሚቆምባትን ድንጋይ እንኳ አልለወጠም። በደሴና በአዲስ አበባ ዞሮ ባሕር ዳር ይመጣና ሚስትህን የገደላት አባትህ ነው፣ ከሳሽ ሆነህ ፈርም ይልሃል። ዳኛው የሟች ወገን ካልከሰሰ ነገሩን አልሰማም ብለዋል። የጀብሪልን ሚስት ሀሊማን ጠየቋት፣ እንቢ አለች። የሌሎቹ ሟቾች ወገን የት እንዳለ አይታወቅም፤ የቀረኸው አንተ ነህ። አንተ ከከሰስህ አባባ ከዚህ ከመካነ ሰላም እስር ቤት ወደ ደሴ ይወሰዳሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸውና በዚህ ሳላቸው ደሴ ወርደው የሚመለሱ አይመስለኝም። እኔ በዚያ ቀን እዚያው ዳርቻው ላይ ነበርሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ፣ ከዚያ የልብህን አድርግ።

በግንቦት አዲስ ሕግ መጣ። የማሻገሪያ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመና፣ ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ የሌለው ሰው አባይን አይሻገርም፣ ያለ ፈቃድ ያሻገረ ይታሰራል፣ የአሻጋሪዎቹ የሚነፋ ስልቻም በላዩ የሚታሰረው የእንጨት ርብራብም ከእንግዲህ የገበሬ ማኅበሩ ንብረት ነው ተባለ። የሸፈቱት ባላባቶች ወደ ጎጃም እንዳያመልጡ ነው አሉን። ይሁና! እኔ ግን ባላባት በስልቻ ሲሻገር አላየሁም። ያየሁት ሥራ ፍለጋ፣ ዘመድ ፍለጋ፣ እህል ፍለጋ የሚሄደውን ችግረኛ ነው። ዕድሜያቸውን ሰው ሲያሻግሩ ለኖሩት ለአባባ ነገሩ አዲስ አልነበረም። በስልሳ አምስትም የተራበው ሰው ማዶ ተሻግሮ ረሃቡን እንዳያወራ ተብሎ ተከልክሎ ነበር፤ ስንቱ የጎጃምን ማሳ እያየ እዚያው አሸዋው ላይ ቀረ። አንተን ራስህን አባባ በወንዙ ታችኛው መታጠፊያ ሰርቀው ባያሻግሩህ ኖሮ ዛሬ ማን የጀልባ ሠራተኛ ይሆን ነበር? ለዚያ የተገረፉበት ጠባሳ እስከ ዛሬ ጀርባቸው ላይ አለ። አሁን ኮሚቴው ይህንኑ እያነሳ፣ ቢተው ድሮም ሕግ አፍራሽ ነው ይላቸዋል። የድሮውን ሕግ ማፍረስ በዚህ ዘመን ያስመሰግናል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አጃኢብ ነው።

አባባ ሕግ የላቸውም እንዴ? ጥጃውን መቼም አትረሳውም፤ በወዲህ ዳርቻ የተኛ ጥጃ የመሰለው ያ ድንጋይ። ውሃው አፉን ሲነካው ጥጃው ጠጣ ይባላል። ጥጃው ከጠጣ በኋላ ንጉሥም ይምጣ ሙሽራ፣ ሰው አይሻገርም። ስልቻው ይተነፍሳል፣ ቅባት ይጠጣል፣ እስከ መስቀል ድረስ ከጣራው ሥር ይሰቀላል። አያታችንም እንዲሁ፣ የጀብሪል አባትም እንዲሁ ነበሩ። አንተ በጀልባችሁ ጎን ላይ ቀይ መስመር አለ፣ ውሃው እሱን ከነካ ሰው አይጨመርም ብለህ የጻፍህልን ጊዜ አባባ ያችን ቦታ ደጋግመው አስነበቡኝ። እነሱም ጥጃ አላቸው ማለት ነው ብለው ሳቁ። ቤት ለገባ ሁሉ ይህንኑ ሲያወሩ ሰነበቱ፤ እኔማ መስማቱ ሰልችቶኝ ነበር።

ሐረግን ላኩልኝ ብለህ የጻፍኸው ደብዳቤ የደረሰን በፋሲካ ማግስት ነው። ምን ያህል ደስ እንዳላት ብነግርህ ያምህ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ልንገርህ። ያን ቀን ስትፈትል ዋለች፣ ስታንጎራጉር ዋለች። ስንቋን አዘጋጅታ በግንቦት ከእኔ ጋር ቆላ ወረደች። ጥጃው ያን ጊዜ በደረቅ አሸዋ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ውሃው ጭምት ነበር። ማኅተም ያዡ ሰውዬ ግን ስብሰባ ሄደዋል ተባልን። ተመለስን። ደግመን ወረድን፣ አሁንም ስብሰባ። ሰውም እየጨመረ ሄደ፤ ከመቅደላ በኩል የመጡ፣ ከማሻ የመጡ፣ ሾላው ሥር ልጆቻቸውን አስተኝተው ማኅተም ይጠብቁ ነበር። ስንቃቸውን ጨርሰው የእኛን ቆሎ የተካፈሉን ነበሩ።

አባባ አላስችል ሲላቸው፣ ፈንታውን እንዳሻገርሁት በታችኛው መታጠፊያ ላሻግርሽ አሏት። እንቢ አለች። እኔን ሲያሻግሩ ከያዙዎት በዚህ ጊዜ ግርፋት ብቻ አይሆንም፣ ማኅተሙ ይምጣ አለቻቸው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ለአባባ ብላ ነው የጠበቀችው።

ማኅተሙ የመጣው በሐምሌ ነው። ደጋው ሲዘንብ ከርሞ ጥጃው ጠጥቶ፣ አፉም አፍንጫውም ገብቶ፣ ጆሮውና ጀርባው ብቻ ቀርቶ ነበር። አባባና ጀብሪል ስልቻቸውን ሰቅለው ማሻገሪያውን ዘግተዋል። ፈቃዱ ላይ ደግሞ ከሐምሌ ወር በኋላ አይሠራም የሚል ተጽፎበታል። ይህን የጻፈው ሰው አባይን በክረምት አይቶት አያውቅም መሰለኝ። ከላይ ጎብኚ ይመጣል፣ ዳርቻው ላይ ሰው ተኝቶ እንዳይገኝ የሚል ትእዛዝም አብሮ መጣ። ምናለ ርብራቡን አስወርዶ ስልቻ ንፉ አለ።

አባባ በትሕትና ነው የጀመሩት፣ ጋሼ። ልጄ እያሉ ነው የለመኑት። እስከ መስቀል እኔ ቤት ይቀመጡ፣ ያለኝን አካፍላቸዋለሁ አሉ። ውሃው ወደ ደረሰበት በጣታቸው አሳዩት። ምናለ ዞር ብሎም አላየ።

"ማኅተም ያለው ይሻገራል። ውሃ ሕግ አያወጣም" አለ።

አባባ ያን ጊዜ ቢላዋቸውን መዘዙ። በሰው የሚነሱ መስሎኝ ክው አልሁ። እሳቸው ግን ተንበርክከው የገዛ ስልቻቸውን አንድ በአንድ ቀደዷቸው። ከአያታችን የወረሱትን ሳይቀር። እየቀደዱ ያለቅሱ ነበር፤ አባባ ሲያለቅሱ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወደ ጀብሪል ዞረው ያንተንም አምጣ አሉት።

ጀብሪል ስልቻዎቹን አቅፎ ቆመ። ምናለ በጠመንጃው አፈሙዝ ጀርባውን ነካ አደረገና፣ እንቢ ካልህ ከመሬት ድልድሉ ትወጣለህ፣ ሀሊማም ልጇም ሜዳ ላይ ይቀራሉ አለው። ጀብሪል አባባን አያቸው፣ ማዶውን አየ። ያ ረቢ አለና ጎንበስ ብሎ መንፋት ጀመረ። አልፈርድበትም። አንተም አትፍረድበት።

ሐረግ ልትወጣ ስትል አባባ የቀሚሷን ጫፍ ያዙ። "አባባ ይልቀቁኝ፤ ይህ ወር ካለፈ ሌላ ማኅተም አይሰጡኝም" አለቻቸው። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ጣታቸውን አላቀቀች፣ ወጣች። እኔም ሐረግ ተይ ብዬ ጮኼ ነበር፤ ዞር ብላ አብሽሪ በሚል ዓይነት ፈገግ አለችልኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላረዝመውም። መሀል ሳይደርሱ ከላይ የመጣ ግንድ መታቸው፣ ርብራቡ በአንድ ጎኑ ተነሳ። ጀብሪል ሐረግን በክንዷ ይዞ ሲዋኝ አይተነዋል። ማዶ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ብቻውን ቢሆን ይወጣ ነበር፤ አልለቀቃትም። ሐረግን ከታች መታጠፊያው ላይ አገኘናት፤ በደብራችን በተክለ ሃይማኖት፣ ወይራው ጥግ አርፋለች። ቄሶቹ ፈትተዋታል፣ አገሩ ሁሉ አልቅሶላታል። ጀብሪል አልተገኘም። ሼኾቹ ሬሳ ሳይኖር ሰገዱበት፤ አባባን ግን ለእሱ ዱዓ እንኳ ሳይቀመጡ ምናለ አስሮ ወሰዳቸው።

ክሱ እንዲህ ነው፦ ቢተው የማኅበሩን ስልቻ ባይቀድ ኖሮ ርብራቡ በሙሉ ስልቻ ይታሰር ነበር፣ አይገለበጥም ነበር፣ ስለዚህ ሰዎቹን የገደለ እሱ ነው። አልዋሽህም፣ ይህን መጀመሪያ ስሰማ እኔም በአባባ ተናደድሁ። ስልቻ ከሚቀዱ ለምን ርብራቡን አላቃጠሉም ብያለሁ፤ ለምን የጀብሪልን ቀድመው አልቀደዱም ብያለሁ። ሙሉ ስልቻ ቢኖር ያን ግንድ ይችለው ነበር ወይ ብትለኝ አላውቅም። አንተ የጀልባ ሰው ነህ፣ ከእኔ ይልቅ ታውቅ ይሆናል። እኔ የማውቀው ጥጃው እስከ ጆሮው እንደነበረና አባባ አትሂዱ ያሉት ብቸኛ ሰው መሆናቸውን ነው።

ሀሊማን ክሰሽ ያሏት በሐዘኗ ሳምንት፣ ሰው ተሰብስቦ ባለበት ነው። ቀና ብላ፣ "ስልቻ የቀደደውን አሳያችሁኝ፤ ባሌን በጠመንጃ ውሃ ውስጥ ያስገባውንስ መቼ ነው የምታሳዩኝ?" አለች። ምናለ እዚያው ቆሞ ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አሁንም ለአባባ ስንቅ ከእኔ ጋር ተራ ገብታ ታመጣለች። በደግነቷ አፍሬ ፊቷን ማየት ያቅተኛል።

አሁን የአባባን ነገር ሰማህ። ምናለ ሲመጣ አትጣላው፣ ጠመንጃ ይዟል፣ አንተም በሰው አገር ነህ። የሚልህን ስማው። ከመፈረምህ በፊት ግን ጥጃው የት ድረስ ጠጥቶ ነበር ብለህ ጠይቀው። ከመለሰልህ ያኔ ራስህ ፍረድ።

ለአቶ አራጌና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ብርሀንነሽ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ በዚህ ሰዓት ብቻህን እንደማይተዉህ አውቃለሁ፣ ውለታቸውን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። እማማ ፊትህን ሁሉ ስመውሃል፤ አልቅሶ ይውጣለት፣ ማቅ ለብሶ ግን ሥራውን እንዳይተው ብለዋል። ሀሊማ አላህ ጽናቱን ይስጥህ ብላሃለች። ልጇ ገና አልገባውም፣ አባቱ አንተ ዘንድ የሄደ መስሎት ጋሼ ፈንታው ይዞት ይምጣ ይላል። ሐረግ ፈትላ የተወችውን ድር እማማ ለሸማኔ ሰጥተውልሃል፤ መንገድ ሲከፈት እልክልሃለሁ።

አባባን ትናንት በእስር ቤቱ በር አገኘኋቸው። ከስተዋል፣ ሳሉ አልተዋቸውም። ለፈንታው ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልዎ አልኋቸው። ክሰስ ቢሉት ቢከሰኝም አልቀየመውም፣ ሚስቱን ያጣ እሱ ነው አሉ። ከዚያ ጠባቂው ግቡ እያላቸው እጄን ይዘው፣ ያን ቀን የሐረግን ቀሚስ እንደያዙት አጥብቀው ይዘው፣ እንዲህ አሉኝ፦

"አባቴን ልይ ብሎ ይነሳ ይሆናል፣ አውቀዋለሁ። ከነፍሴ ጋር ብሆን እንኳ የጥጃው አፍ ከውሃ ሳይወጣ እንዳይሻገር በይልኝ።"

እህትህ የዓለምዘርፍ ቢተው
መካነ ሰላም፣ ነሐሴ ፯ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.