በሞላሌ የደረሰው ኀዘን

ሞላሌ፣ መስከረም 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ወንዳፈራሁ፣

ከባድ መርዶ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው። መርሐቤቴን ሲያምስ የኖረው ይታየው አዲሱ ዓመት በገባ በአሥረኛው ቀን በድንገት ተለይቶናል። ድንኳን ግን እንዳትተክሉ።

እንደምታውቀው ሰባተኛን አቋርጬ ሁለት ዓመት ቦዝኛለሁ። ዘንድሮ እዚህ ሞላሌ አጎቴ ዘንድ ተቀምጬ ልማር ብዬ ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነበር። እኛ አገር በዚህ ወር በሸሚዝ ይኬዳል፤ የዚህ ብርድ ግን አጥንት ይሰረስራልና የአጎቴን ጥቁር በርኖስ ደርቤ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ግር ብለው ተነሡና፣ «እንደምን አደሩ፣ መምህር!» አሉኝ።

እስቲ አስበው! «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ወደየቤታችሁ!» ብል በሩን ሰብረው ይወጡ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔም አብሬያቸው እንደምወጣ፣ ከወጣሁም እንደማልመለስ ታወቀኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ «ኧረ ተማሪ ነኝ» አልኩ። ሣቃቸው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ጽናት የምትባል አንዲት ሚጢጢ ልጅ፣ «ታዲያ ምን ይገትርሃል? ና ቁጭ በላ!» ብላ ጠጋ አለችልኝ።

ወረቀቱ አለቀብኝ። የእናቴን ጉልበት ሳምልኝ። ለእናትህ ለእትዬ መንበረም፣ ያን ጊዜ ነጠላዎን ዛፍ ላይ የሰቀለው ይታየው ነው፣ ይቅር ይበሉት በልልኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ የሞተ የለም። ነገሩ ሁሉ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጡ ነው።

ይታየው