ብድግ ቁጭ በዳማ ጀርባ

ማክሰኞ
ዛሬም ተላጥሁ። የት እንደሆነ ለዚህ ደብተር እንኳ አልናገርም። እሑድ ሙሽራ ነኝ፤ ወግ ነውና ሚዜዎቼን አስከትዬ እስከ ሙሽራዪቱ ደጅ በፈረስ እሄዳለሁ። አማቴ በወጣትነታቸው በጉግስ ስማቸው የታወቀ ፈረሰኛ ነበሩ፤ እኔ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ስሜ የታወቀ ተቀማጭ ነኝ። ዳማ፣ የአጎቴ የአያ ደሴ ፈረስ፣ በእርምጃ ሲሄድ ጨዋ ነው። ሶምሶማ ሲጀምር እሱ ወደ ፊት፣ እኔ ወደ ላይ። ስመለስ በሙሉ ክብደቴ ጀርባው ላይ እወርዳለሁ። አያ ደሴ ኮርቻውን አንሥተው ጀርባውን ዳሰሱና፣ «ገጣባ ካወጣህበት በእግርህ ታገባለህ» አሉኝ። አልሳቁም።

ረቡዕ
ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ፈረንጆቹ በሶምሶማ ጊዜ በፈረሱ ምት ልክ ከኮርቻው ብድግ ቁጭ ይላሉ፤ የፈረሱ ጀርባ አይጎዳም፣ የእነሱም አይላጥም። ሞከርሁ። እርካቡን ረግጬ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር ቀጥ ብዬ ቆምሁ፤ ለመቆም ደግሞ ልጓሙን ሳብሁ። ዳማ ልጓሙ ሲሳብ ይቆማል፣ የተማረ ፈረስ ነው። እኔ ግን አልቆምሁም። አንገቱን አቅፌ ተሳለምሁት።

ሐሙስ
ትንሽ ድል። ልጓሙን አላልቼ በጉልበቴ ያዝ አደረግሁ። ለካ የምነሣው እኔ አይደለሁም፣ ሶምሶማው ነው የሚያነሣኝ፤ የኔ ሥራ በቀስታ መቀመጥ ብቻ። ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ድረስ እንዲያ ሄድሁ። ከዚያ ኮራሁ። ስኮራ ምቱ ጠፋኝ።

ዓርብ
ቀኑን ልብ ሳልል የዓርብ ገበያን መንገድ ያዝሁ። ሕዝቡ ሁሉ ከገበያ ይመለሳል። ብድግ ስል አንድ ሽማግሌ ከአህያቸው ኋላ ሆነው፣ «ኧረ በእግዚአብሔር» አሉ። ቁጭ። ደግሞ ብድግ። አንድ ቄስ፣ «ተቀመጥ ልጄ፣ በእግዚአብሔር» አሉኝ። እንደ ቤት ውስጥ «ኖር» ብዬ ለትልቅ ሰው የምነሣ መስሏቸዋል። መንገዱን ሙሉ ተመረቅሁ። ለአህዮቹ ጭምር መነሣቴን ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ
ጠዋት ሙሽራዬ ይታይሽ ደወለች፤ ሳቋ አያስወራትም። አባቷ ትናንት ከገበያተኛው መካከል ነበሩ፤ እኔ አላየኋቸውም።
«አባዬ ምን አለ መሰለህ? ፈረስ ላይ ሆኖ እንኳ ለሽማግሌ የሚነሣ ልጅ በዚህ ዘመን አላየሁም አለ። የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ጠርቷል፣ ነገ ደጅ ወጥተው ሊያዩህ ነው።»
እውነቱን ንገሪያቸው አልኋት። አብደሃል አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ አያ ደሴ ኮርቻውን አነሡ። ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ በጣታቸው ዳሰሱ። ገጣባ የለም። ከዚያ ቤት ገብተው ለክብር ቀን የሚያስቀምጡትን ባለ ጥልፍ የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱን፣ አወጡና ፀሐይ ላይ አሰጡት። ፈቀዱ ማለት ነው።

ደስታዬን ልጀምር ስል የአማቴ ደጅ ትዝ አለኝ። ዳገት ነው። ዳማ ዳገት ላይ ሶምሶማውን ትቶ ይራመዳል፤ እርምጃ ደግሞ ማንንም ከኮርቻ አያነሣም። ነገ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ቆሞ፣ እኔ ብቻ ተቀምጬ ልደርስ ነው።