ያልተለኩት ሠላሳ ስምንት ሰዎች

ላሊበላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ድሮ እጮኛዬ ለነበርከው፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ስጽፍልህ ምን ነካት እንደምትል አውቃለሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው። ወደ ወልድያ በእግሩ የሚሄድ ሰው አግኝቼ ነው የምልክልህ።

እዚህ ከቀረሁ ሃያ ቀን አለፈኝ። መንገዱ ተዘግቷል፣ አውሮፕላን ቀርቷል፣ ስልክም ኢንተርኔትም የለም። አብራኝ ያለችው እየሩስ የምትባል የዶክትሬት ተማሪዬ ናት። ሥራዋ በሙሉ የቆመው በእኛ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ማለቴ በእኔ ስም በወጣው። ፍላቂት ከፍታው ላይ የሚኖረውንና ዝቅ ብሎ ብልባላ የሚኖረውን ገበሬ የደም ኦክስጅን ያነጻጸርንበት። ያ ጽሑፍ ዛሬ ከስድስት መቶ በላይ ጥናቶች ውስጥ ተጠቅሷል። ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆንኩት በእሱ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ ቀርቧል። ሌሎቹን አሥራ ሰባት ጽሑፎቼን የሚያነሳልኝ የለም።

እየሩስ ብልባላ ሄዳ ስትለካ ቁጥሯ ከእኔ ጋር አልገጥም አላት። አንድ ዓመት ሙሉ መሣሪያሽን አስፈትሺ እያልኩ መለስኳት። ሦስት ጊዜ አስፈተሸችው። በመጨረሻ ይህ ሙያ የእኔ አይደለም፣ ልተወው ነው ብላ ቢሮዬ መጣች። ፊቷን ማየት አቃተኝና ነይ አብረን ሄደን እንለካ አልኳት። ምናልባት ስህተቱ የእሷ ሆኖ እንዲገኝ ተመኝቼ ይሆናል።

ብልባላ ስንደርስ ያኔ ተለኩ የተባሉትን ሰዎች ዝርዝር ይዘን ማፈላለግ ጀመርን። መጀመሪያ ያገኘናቸው አቶ አረጋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እየሩስ ስማቸውንና የያኔውን ልካቸውን አነበበችላቸው፤ ከጎኑ «ጤነኛ» ይላል። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስሜን ከየት አገኘሽው? እኔ በዚያ ዓመት ሳንባዬን ታምሜ ደሴ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነው የከረምኩ» አሉኝ።

ከእሳቸው በኋላ ያገኘናቸው ሁለት ሰዎችም የለካን የለም አሉ። እየሩስ ዝርዝሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እዚህ ላሊበላ ስንመለስ ነገርኳት። ወንዙ ሞልቶብን ከስልሳው ሰው ሃያ ሁለቱን ብቻ ለክተን መመለሳችንን፣ የቀሩትን የሠላሳ ስምንቱን ስም ከቀበሌ መዝገብ፣ ልካቸውን ደግሞ ከራሴ መሙላቴን፣ አንተም ስሜን ከዚህ ወረቀት ላይ አውጪው ማለትህን ነገርኳት። ብትጮህብኝ በተሻለኝ።

«ታዲያ መሣሪያዬን ሦስት ጊዜ ሳስፈትሽ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር?» አለችኝ።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። እንግዳ ስለሌለ ያረፍንበት ሆቴል የሚያዘጋጀው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ትበላለች፣ ትነሳለች። ልሂድ ብትል መሄጃ የላት፣ ልሸሻት ብል መሸሻ የለኝ። ጽሑፌ ይሰረዝ ብዬ ለመጽሔቱ ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ኢንተርኔት ሲመጣ እሷው ፊት እልከዋለሁ። ከተሰረዘ የእሷም የሦስት ዓመት ልፋት አብሮ ይፈርሳል። ካልተሰረዘ በእኔ ውሸት ላይ ትመረቃለች። ሌት ተቀን ባስበው ሦስተኛ መንገድ አጣሁለት።

ትናንት ምሳ ላይ፣ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አነጋገረችኝ። ልኩ በተመዘገበባቸው ሃያ ሁለት ቅጾች ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያንተ እንደሆነ፣ አሁን ወልድያ ባዮሎጂ እንደምታስተምር ነገርኳት። ከዩኒቨርሲቲው ለምን ወጣ አለች። የዩኒቨርሲቲው አጣሪ ኮሚቴ የሠላሳ ስምንቱን ሰዎች ቅጽ ሲጠይቅ፣ ቅጾቹን ወንዝ ውስጥ ጥሏቸዋል ስለተባለ፣ እሱም እኔን ላለማጋለጥ አፉን ስለያዘ ነው አልኳት።

«ማን ነው ጥሏቸዋል ያለው?» አለችኝ።

ምሳዬን ትቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። መልሱ መጀመሪያ የሚገባው ላንተ ነው።

ያን ቃል የተናገሩት የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሰይፈ ሥላሴ ናቸው ብለህ እንደምታምን፣ ሲያርፉም ቀብራቸው ላይ እንዳልቆምክ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ኮሚቴው የተቀመጠበትን ወር ሙሉ እናታቸውን ቀብረው ሰቆጣ ሐዘን ላይ ነበሩ። ከአንተ ሌላ ኮሚቴው ጠርቶ ያነጋገረው እኔን ብቻ ነው። ምናልባት መቃብራቸው ጋ መሄድ ብትፈልግ፣ ዶክተር ሰይፈ ሥላሴም የተቀበሩት እዚያው ሰቆጣ፣ እናታቸው አጠገብ ነው።

ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። ቤትህን ሰላም ያድርገው፤ የደከምክበትን ሁሉ እሱ ይቁጠርልህ። መልስ አልጠብቅም።

በአንድ ወቅት ያመንካት፣
እጮኛህ የነበርኩት