የኢፋ ቁርባን

መስከረም 26

እሁድ። ኢፋ ቆረበ። ስምንት ዓመት ሞላው። አይሄድም፣ አይናገርም፤ እኔ ግን ተሸክሜው ሰበታን ብዞር አይደክመኝም... ውሸት፣ ወገቤ አልቋል። ባለባጃጁ "እናቴ፣ ልጁ ከበደ እኮ" አለኝ። በሽሮ እንዲህ ካደገ ዶሮ ቢያገኝ ምን ሊሆን ነው?

ከቤታችን የሚቆርበው እሱ ብቻ ነው። እኔና ባሌ ደገፋ አስቀድሰን እንመለሳለን። ደገፋ "ቤቱን ያቆመልን እሱ ነው" ይላል።

ጥቅምት 3

ልጻፈው...

ቄስ ዘርሁን ሥጋውን አቀበሉት፤ ደህና ዋጠ። ዲያቆኑ ደሙን ሲያቀብለው ትን አለው። ሳለ። አፉን በነጠላዬ ልይዝለት ስል አልደረስኩም። ከለሃጩ ጋር ምንጣፉ ላይ ጠብ አለ።

ቅዱስ ደሙ!

ቄስ ዘርሁን በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበረከኩና በምላሳቸው አነሡት። የልጄን ለሃጭ ጭምር። ከኋላዬ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅውሃ "ኧረ ይቅርበት፣ ጸበሉ አይበቃውም?" ሲሉ ሰማሁ። ለክፋት አይደለም፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር።

ኢፋ ይስቃል። ደስ ብሎት ነበር እኮ...

ጥቅምት 5

እህል አልወርድ አለኝ። ደገፋ "ወርቅቱ፣ ሂን ቦኢን፣ አታልቅሺ። ዋቃ በልጅ አይቀየምም" አለኝ።

እግዜርስ አይቀየምም። እኔ ራሴን ምን ልበላት?

ጥቅምት 8

ቄስ ዘርሁን ቤት ድረስ መጡ። ኢፋን በመስቀላቸው ባረኩት።

"እሁድ አምጪው፣ ልጄ።"

"ደግሞ ቢፈስስ፣ አባቴ?"

"አነሣዋለሁ። ለዚህ አይደል የተሾምኩት?"

እሺ አልኳቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ወጡ።

ጥቅምት 10

አልወሰድኩትም። ደገፋ "እኔ ልውሰደው" ቢል ጮህኩበት። ምን ብዬ ላስረዳው? እኚያ ሽማግሌ ለልጄ ብለው መሬት ሲስሙ ሁለተኛ ማየት አልችልም። ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እያየ...

የፈራሁት ደሙን ነው ወይስ ሰውን? አላውቅም።

ጥቅምት 24

ለቅዳሴ ነጠላዬን ሳጣፋ ኢፋ አየኝና አፉን ከፈተ። ዓይኑ እኔ ላይ። ለካ ነጠላ ስለብስ ሊቆርብ መሆኑን ያውቃል! ምንም አይገባውም ያሉኝ ሁሉ የት አሉ?

አጥሚት በማንኪያ ሰጠሁት። ዋጠ። እንደገና ከፈተ። እሱን አይደለም የሚጠብቀው። ነጠላዬን አውልቄ ቤት ዋልኩ። ደገፋ ብቻውን ሄደ።

ኅዳር 1

ዛሬ ደገፋ ከኢፋ ጋር ቀረ፤ እኔ አስቀድሼ መጣሁ። ድሮ ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ነበር የምንሄደው። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ዘርሁን "ልጄስ?" አሉኝ።

"ጉንፋን ይዞታል" አልኳቸው። እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ!

ለኢፋም ዋሽቼዋለሁ። ጠዋት ግንባሩን ስሜ "ገበያ ደርሼ ልምጣ" አልኩት። አፉን አልከፈተም። ነጠላዬን በፌስታል ይዤ ነው የወጣሁት፤ ባጃጅ ውስጥ ለበስኩት።