አማቼ የገዛው ሰፊ ጎማ

ሰኔ 3፣ ሰኞ ጠዋት

ደሳለኝ ዛሬም ከመኪናው ሥር ነው። እግሩ ብቻ ይታያል። የልጄ የእናኑ ባል ነው፤ ከፊቱ ይልቅ ጫማውን ያየሁት ይበዛል።

ጎማዎቹ እንደ እኔ አናት ተመልጠዋል። በዚህ ጎማ ክረምት አይገባም፤ ያውም መካነ ብርሃን፣ ከተራራው ማዶ። (ከእንግዲህ መ/ብ እያልሁ ነው የምጽፍልህ ደብተሬ፣ እጄ ይደክማል።) ታላቅ እኅቴ እታለም እዚያ ናት። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። በሚመጣው ሰኞ የዓይን ሐኪሞች እዚህ ደባርቅ ይገባሉ፣ እስከ ዓርብ ብቻ። ደሳለኝ ከሥራ የሚላቀቀው ማክሰኞ ነው። ያን ቀን ሄደን እናመጣታለን።

ከሥር ወጣ። እጁን ጠረገ። የድሮውን ልክ ልግዛ ወይስ ሌላ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ጎማ ምን አውቃለሁ? ግን አማት ሳይጠየቅ በዚህ ቤት ምንም አይገዛም። ጎማውን በከዘራዬ መታ መታ አድርጌ፣ «ይኸ ጎማ ነው የወንፊት ክፈፍ? በቅሎዬ እንኳ ከዚህ የሰፋ ኮቴ ነበራት» አልሁት።

እናኑ ከውስጥ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «እሺ አባባ» አለ።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

ከጎንደር ተመለሰ። ጉድ ነው ያመጣው። ጎማው ሰፊ፣ ቸርኬው የሚያብለጨልጭ፣ ፊትህን የምታይበት ብረት። የድሮው ላይ 205 የሚል ነበር፤ ይኸ 265 ይላል። ዳባት ላይ ሰው ቆሞ አየን አለ።

መኪናዋ አሮጊት ናት፤ የኮረዳ ጫማ አድርጋለች። እንዲህ ብዬ ሰፈሩን አሳቅሁ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነካ ነካ አደረገው። እኔም ራሴ የመረጥሁት ይመስል ደረቴን ነፋሁ። መሪው ጥግ ድረስ ሲጠመዘዝ ጎማው አንድ ነገር ይፍቃል። ደሳለኝን አየሁት። ወደ መሬት አየ።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ያለ እታለም ተመለስን።

ትናንት ንጋት ላይ ወጣን። ሳንቃ በር ድረስ ጌታ ሆኜ ተቀመጥሁ። ጨነቅን አለፍን። ቧሂት አናት ላይ በረዶ ወረደ፤ ምድሩ ነጭ። ቁልቁለቱ ጭቃ። ያ ሰፊ ጎማ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ መሬት አይዝም። ያገኘውንም ሁሉ አፍሶ ያነሣል። በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ጣት አይገባም፤ ጭቃው እዚያ ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር እምቢ አለ። ደሳለኝ ወርዶ በእንጨት ፈለቀቀ። ጥቂት ሄድን። ደግሞ ቆምን። ደግሞ ወረደ።

መጀመሪያ ቀለድሁ። ጎማ ነው የገዛኸው ወይስ ሞፈር፣ አንድ ማሳ እኮ አረስን አልሁት። ፈገግ አለልኝ። ሁለተኛ ቀለድሁ፤ ጭቃውን መፈልቀቁን ቀጠለ። ከዚያ ጣቶቹን አየሁ። ከብርዱ ጠቁረዋል፤ አንዱ ይደማል። አፌን ያዝሁ።

አንድ መጠምዘዣ ላይ መሪው አልታዘዝ ብሎ ወደ ገደሉ ተንሸራተትን። ድንጋይ ያዘን። ደሳለኝ ከዚህ ወዲያ እርስዎን ይዤ አልወርድም አለ። ለራሱ አልፈራም።

የድሮዎቹስ? ከነቸርኬያቸው ጎንደር፣ ለነጋዴው ተለውጠው ቀርተዋል። አውቶቡሱ ዝናቡ ከጠና ወዲህ አይወርድም። በበቅሎ እንዳትመጣ ወገቧ አይችልም።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ዓይናቸው የተሸፈነ አሮጊቶች በልጆቻቸው እጅ ተይዘው ይወጣሉ፤ አንዷ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ሰማይ ታያለች። ደግሞ የሚመጡት ከመስቀል በኋላ ነው አሉኝ።

ወደ እታለም በልጇ ስልክ ደወልሁ። ማክሰኞ ነጠላዋን አጥባ፣ ስንቋን ቋጥራ፣ ደጅ ተቀምጣ የመኪና ድምፅ ስታዳምጥ ነው የዋለችው። ይህን የነገረኝ ልጇ ነው። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ተረበችኝ። «ያንተን ፊትማ ምን አደርገዋለሁ፣ ድሮም አውቀዋለሁ። የእናኑን ሕፃን ልይ ብዬ ነበር እንጂ።»

ሳቅሁላት። ስልኩን ዘጋሁ። ምሳ አልበላሁም፤ እናኑ በጾሙ መስሏታል።

ሰኔ 16፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ እናኑ ነገረችኝ። ሕፃኗን እያጠባች፣ ሳታየኝ።

ደሳለኝ ያውቅ ነበር። ጎንደር ላይ ቀጭኑን አንሥቶ ነበር፤ ለጭቃ ቀጭን ነው፣ ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይይዛል ብሎ። ተሸክሞ መኪናው ድረስ ካደረሰው በኋላ ተመልሶ አስቀመጠው። «አባባ ሰፊ ብለዋል» ብሎ።

እኔ መቼ አልሁ? ቀለድሁ እንጂ። ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ከመኪናው ሥር ነው። በከዘራዬ ጫማውን ነካሁት። ለምን ዝም አልህ አልሁት። እዚያው እንደተኛ መለሰልኝ፦

«ለአማት መልስ ይመለሳል እንዴ አባባ?»

አይመለስም። እኔም የሚስቴን አባት አንድ ቀን ቀና ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ያዘዙኝን ሳደርግ ኖርሁ፤ የቀለዱትንም ጭምር ይሆናል። ማን ያውቃል።

ዓመት ሙሉ በዚህ ልጅ ስቀልድ ኖሬአለሁ። ያልሳቀው ነገር አልገባው ብሎ መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱን እንደ ትእዛዝ እየሰማው ነበር። የእኅቴ ዓይን በአንድ የበቅሎ ቀልድ ቀረ ደብተሬ። ለማን እነግረዋለሁ?

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ደሳለኝ ነገ ጎንደር ይሄዳል፤ ጎማውን ይለውጣል። ከሥር ወጣ፤ እጁን ጠረገ፤ ደግሞ ጠየቀኝ። የቱን ልክ ላምጣ አለ። ምላሴ ላይ አንድ ተረብ ነበረች፣ ጥሩ ተረብ። ዋጥኋት። አንተ የምታውቀውን አምጣ አልሁት። የተቆጣሁ መስሎት ደነገጠ። ስለዚህ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ፣ ወገቤ እየጮኸ፣ ከፊቱ እኩል እንድሆን። ተሳስቼ ነበር አልሁት። አማት እንዲህ ሲል ሰምቶ አያውቅም፤ የሚያደርገው ጠፍቶት መፍቻውን ይጠርግ ጀመር።

ቅዳሜ መንገዱ ከፈቀደ መ/ብ እንወርዳለን። እናኑም ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች። እታለም ባታያት በእጇ ትዳስሳታለች። እነሱ ሲመለሱ እኔ እቀራለሁ። ክረምቱን እዚያ ነኝ፤ ሐኪሞቹ እስኪመለሱ ቤተ ክርስቲያን እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፣ ደጅ ያለውን እነግራታለሁ። ለእናኑ ነገርኋት፤ ብርዱስ አለች። ቆርጬአለሁ።

ደሳለኝ ልኩን ወስኗል፤ ጽፎ በኪሱ ይዟል። ስንት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።